«ደንብ» ሕግ ነው? ለአንዲት የጎንደር ነጋዴ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አጠገብ የወጥ ቤት ዕቃ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሰሞኑን ዕቃዬን ከበር አውጥቼ እግረኛ መንገዱ ላይ ስለደረደርኩ "ደንብ ተላልፈሻል" ተብዬ የቅጣት ወረቀት ተሰጠኝ። ወረቀቱ ላይ ግን "በመመሪያው መሠረት" ነው የሚለው። ጎረቤቴ ደግሞ "ደንብ እኮ ሕግ አይደለም፣ ምን አስጨነቀሽ" አለችኝ። በዚያው ሳምንት እድራችን ወርሃዊ መዋጮ ያልከፈለ ሰው "በደንቡ መሠረት" ብሎ ቀጣ። ለመሆኑ ደንብ ማለት ምንድን ነው? የእድሩና የከተማው ደንብ አንድ ናቸው? ማመልከቻ ልጽፍ ስለሆነ ቃሉን በትክክል ማወቅ እፈልጋለሁ።»

እህቴ፣ ማመልከቻ ከመጻፍዎ በፊት ቃሉን መጠየቅዎ በጣም ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ ይጽፋል፣ ከዚያ ይከራከራል፣ በመጨረሻ የተከራከረበት ቃል ሌላ ነገር ሆኖ ያገኘዋል።

አጭሩ መልስ ይኼ ነው። ጎረቤትዎ ተሳስተዋል፤ ደንብ ሕግ ነው። ነገር ግን በአማርኛ «ደንብ» የምንለው ነገር ሁሉ ሕግ አይደለም። ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው፤ ቃሉ አንድ ሆኖ የሚሠራው ሥራ ብዙ ነው።

ከቤት እንጀምር። ልጅዎን «በደንብ ብላ» ይሉታል። ሠራተኛዋን «ድስቱን በደንብ እጠቢው» ይሏታል። እዚህ ውስጥ ሕግ የለም። «እንደሚገባው፣ ሳይጎድል» ማለት ነው። ሁልጊዜ ከእርስዎ ዘንድ የሚገዛ ሰው «ደንበኛዎ» ነው። «ደንበኛ ሐኪም ነው» ሲባል ደግሞ ሙያውን የተካነ፣ እውነተኛ ሐኪም ማለት ነው። ሽማግሌ ሳይላክ ልጅ አይጠየቅም፤ ለምን ሲባል «ደንቡ ነዋ!» የሚል መልስ ይመጣል። ይህን ደንብ ማን አወጣው? ማንም። ቁጥር የለውም፣ ማኅተም የለውም፣ ግን ይከበራል።

ስለዚህ የቃሉ ሥር «ነገር የሚገባበት ልክ» የሚል ነው። ሕግ የሚለው ቃል ሲጠራ ሰው ፍርድ ቤትና ፖሊስ ይታየዋል። ደንብ ሲባል ግን ተገቢነት ነው ወደ ጆሮው የሚመጣው። ይህ ለቃሉ ትልቅ ጉልበት ይሰጠዋል፤ ሁለት ዓይነት ስህተትም የሚወለደው ከዚሁ ነው። አንዱ ሰው «ደንብ ነው» ባለው ሁሉ ፊት አንገቱን ይደፋል፤ የትኛው ደንብ ብሎ መጠየቅ ነውር ይመስለዋል። ሌላው እንደ ጎረቤትዎ «ደንብ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም» ብሎ ይንቀዋል። የመጀመሪያው የማይገባውን ይከፍላል። ሁለተኛው የይግባኝ ቀኑ ያልፍበታል።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልበል፤ ማመልከቻ ስለሚጽፉ ይጠቅማል። ስንናገረው «ደምብ» ነው የምንለው። «ን» ከ«ብ» ፊት ስትመጣ አፋችን ወደ «ም» ይወስዳታል። «ወንበር»ን «ወምበር»፣ «ዝንብ»ን «ዝምብ» እንደምንለው ማለት ነው። በሕግ ጽሑፎች የተለመደው ግን «ደንብ» ነው። እርስዎም እንደዚያው ይጻፉት።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። በሀገራችን የሕግ ቤት ውስጥ «ደንብ» ራሱን የቻለ ማዕረግ ነው። ከላይ ሕገ መንግሥቱ አለ። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9 ራሱን የሀገሪቱ የበላይ ሕግ ያደርጋል፤ ከእሱ የሚቃረን ማንኛውም ሕግ፣ ልማዳዊ አሠራር ወይም የባለሥልጣን ውሳኔ አይጸናም። ከሥሩ አዋጅ ይመጣል። አዋጅ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ቀጥሎ ደንብ ነው፤ በፌዴራል ደረጃ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 77 ንዑስ አንቀጽ 13 ይህን ሥልጣን ሲሰጠው ከተወካዮች ምክር ቤት በሚሰጠው ሥልጣን መሠረት ብሎ ነው። ከደንብ ሥር መመሪያ አለ። መመሪያ የሚያወጡት ሚኒስቴሮችና ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ናቸው።

በእኛ ክልልም መሰላሉ ተመሳሳይ ነው። የክልሉ ምክር ቤት አዋጅ ያወጣል። የክልሉ መስተዳድር ምክር ቤት ደንብ ያወጣል። ቢሮዎች መመሪያ ያወጣሉ። የክልሉ ሕጎች የሚታተሙበት ጋዜጣ «ዝክረ ሕግ» ይባላል፤ የፌዴራሉ ደግሞ «ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ»። ከተሞችም በሕግ በተሰጣቸው ሥልጣን ልክ ለከተማቸው የሚሆን ያወጣሉ።

እዚህ ላይ ጎንደር ለሚኖር ሰው የሚጥም ነገር አለ። ነገሥታቱ እዚህ በተቀመጡበት ዘመን አዋጅ የሚታወቀው በጆሮ ነበር። ነጋሪት ይመታል፣ ሕዝቡ ይሰበሰባል፣ «ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይባላል። አደባባይ ኢየሱስና አደባባይ ተክለ ሃይማኖት ብለን የምንጠራቸው አብያተ ክርስቲያናት ያንን አደባባይ እስከ ዛሬ በስማቸው ይዘውታል። በ1934 የሕግ ጋዜጣ መታተም ሲጀምር «ነጋሪት ጋዜጣ» የተባለው በዚሁ ከበሮ ስም ነው። ሐሳቡ አልተለወጠም። ሰው ሊገዛበት የሚገባ ሕግ አስቀድሞ ሊሰማው ይገባል። ለእርስዎ ጉዳይ ይህ ዋና ነገር ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በአዋጅና በደንብ መካከል ያለው ዝምድና የእናትና የልጅ ነው። ደንብ ከሜዳ አይበቅልም። የትኛውንም ደንብ ቢከፍቱ መግቢያው ላይ በየትኛው አዋጅ በተሰጠ ሥልጣን እንደወጣ ይናገራል። እናቱ ያልፈቀደችለትን ሊጨምር አይችልም። መመሪያም እንደዚሁ ወላጁን መጥራት አለበት።

አንድ ምሳሌ ልስጥዎ። ባጃጅና ታክሲ የሚነዱ ሰዎች ስለ ትራፊክ ቅጣት ሲያወሩ «208» ሲሉ ሰምተው ይሆናል። ሙሉ ስሙ «የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208/2003» ነው። ስሙ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ስለ ምን እንደሆነ ይነግርዎታል። ማን እንዳወጣው ይነግርዎታል። ማዕረጉ ደንብ እንደሆነ፣ ቁጥሩንና ዓመቱንም ይነግርዎታል። ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በእንግሊዝኛው ቅጂ 208/2011 ተብሎ ስለሚጻፍ ሁለት የተለያዩ ደንቦች የሚመስሏቸው አሉ። አንድ ነው። ከጊዜ በኋላ የተሻሻለ፣ ኋላም በሌላ ደንብ የተተካ መሆኑንም አይርሱ፤ ደንብ ሲጠቀስ ተሻሽሏል ወይስ ተተክቷል ብሎ መጠየቅ ሁልጊዜ ያስፈልጋል።

የእርስዎ ወረቀት ግን «በመመሪያው መሠረት» ነው የሚለው። ይህ ስህተት ላይሆን ይችላል። አፍ ላይ «ደንብ ተላልፈሻል» የተባለው በሰፊው ትርጉም ነው፤ ሥርዓት አፍርሰሻል እንደማለት። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ደግሞ የሕጉ ማዕረግ ነው። ሁለቱ የተለያየ ነገር ስለሚናገሩ ብቻ ቅጣቱ ይወድቃል ብለው እንዳይከራከሩ። የሚከራከሩበት ሌላ ነገር አለ፤ «መመሪያው» የሚለው ቃል ራሱ። የትኛው መመሪያ?

መመሪያ ከ«መራ» የመጣ ቃል ነው፤ የሚመሩበት ነገር ማለት ነው። የስልክና የመድኃኒት አጠቃቀም ወረቀትም መመሪያ ይባላል። አለቃ በቃል የሚናገረውም መመሪያ ይባላል። «ከላይ መመሪያ ወርዷል» የሚለውን ያልሰማ ማን አለ? አዋጅ ይታወጃል፣ ደንብ ይወጣል፣ መመሪያ ግን ይወርዳል እንላለን። ይህ «ወርዷል» የሚለው ግስ እኔን ሁሌ ያሳስበኛል። ከየት ወረደ፣ ማን ፈረመው፣ የት ተጻፈ የሚለውን ጥያቄ ሁሉ ይሸፍነዋል። በቃል የወረደ ትዕዛዝ የመሥሪያ ቤቱን ሠራተኛ ሊያዝ ይችል ይሆናል። ሱቅዎን ሊያስቀጣ የሚችለው ግን የተጻፈ፣ ሥልጣን ባለው አካል የወጣና ሰው አግኝቶ ሊያነበው የሚችል መመሪያ ነው።

ይህ የኔ ምኞት ብቻ አይደለም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ሲያወጡ ለሕዝብ እንዲያሳውቁ፣ አስተያየት እንዲቀበሉ፣ መመሪያውን እንዲያስመዘግቡና እንዲያትሙ ያስገድዳል። ከዚያ በፊት መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ መመሪያ ሰውን ሲያስቀጣ ኖሯል። አዋጁ የሚመለከተው የፌዴራል ተቋማትን ነው፤ ስለዚህ ጎንደር ከተማ ውስጥ በተሰጠዎ ወረቀት ላይ በቀጥታ አይጥቀሱት። ሐሳቡ ግን ያው የነጋሪቱ ሐሳብ ነው፦ ያልተሰማ ሕግ አይያዝበትም።

«ደንብ መተላለፍ» የሚለውስ? ይህ ሐረግ በሕግ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። በ1996 ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ ሦስተኛ ክፍሉን በሙሉ ለ«ደንብ መተላለፍ» ሰጥቶታል። ከእሱ በፊት የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም እንዲሁ። እነዚህ ከባድ ወንጀል ያልሆኑ፣ ነገር ግን የተከለከለውን ማድረግ ወይም የታዘዘውን አለማድረግ የሚያመጣቸው ቀላል ጥፋቶች ናቸው። ቀላል ናቸው ማለት ግን ባዶ ናቸው ማለት አይደለም። ሕጉ መቀጮ አለው፤ ከ1 ቀን እስከ 3 ወር የሚደርስ መታሰርም አለው። ይህንን የሚወስነው ደግሞ ፍርድ ቤት ነው።

ደንብ አስከባሪ ከሚጽፈው ቅጣት የሚለየውም በዚህ ነው። የከተማ አስተዳደር የሚጽፈው አስተዳደራዊ ቅጣት ነው። የሁለቱ ስም አንድ መሆኑ ብዙ ሰው አስደንግጧል። «ደንብ ተላላፊ» ተብለው ወረቀት ስለተሰጠዎ በወንጀል ተከሰዋል ማለት አይደለም። እንዲህ ሲባሉ በእርጋታ «በፍርድ ቤት ነው ወይስ በአስተዳደር የሚታየው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ የሚሄዱበትን ቢሮ ይወስነዋል።

ስለ «ተላለፈ» አንድ ጥንቃቄ አለኝ። ይህ ግስ ሁለት ፊት አለው። «ደንቡ ለቀበሌዎች ተላለፈ» ማለት ደረሳቸው፣ ተላከላቸው ማለት ነው። «ደንቡን ተላለፈች» ማለት ግን ጣሰች ማለት ነው። ልዩነቱ ያለችው በአንዲቷ «ን» ላይ ነው። ማመልከቻ ላይ «ደንቡ አልተላለፈም» ብለው ቢጽፉ «ደንቡ አልደረሰንም» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። «ደንቡን አልተላለፍኩም» ብለው ይጻፉ። ዘንግተው እንዳይተዉት፤ ብዙ ማመልከቻ ላይ ያጋጠመኝ ነው።

«ቁጥጥር» የሚለውንም ከደንብ ጋር ያምታቱታል። ደንብ የሚጠበቀው ልክ ነው። ቁጥጥር ያ ልክ መጠበቁን የማየት ሥራ ነው። ቃሉ ከ«ቆጠረ» ነው የሚመጣው፤ «ተቆጣጠረ» ማለት እየቆጠረ ተከታተለ ማለት ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪም ሆነ ደንብ አስከባሪ ያለውን ይቆጥራል እንጂ አዲስ ልክ አያወጣም። «ከዛሬ ጀምሮ እስከዚህ መስመር ድረስ» ብሎ መሬት ላይ የሚያሰምር አስከባሪ ካለ፣ ያ መስመር ከተጻፈ ነገር የመጣ መሆን አለበት። ከአስከባሪው ፈቃድ ሊመጣ አይችልም። ይህን ስል እነሱን ለማሳነስ አይደለም። እግረኛ መንገድ በዕቃ ሲዘጋ ዓይነ ስውሩና ልጅ ያዘለችው እናት ወደ መኪና መንገድ ይወርዳሉ፤ ሥራቸው አስፈላጊ ነው። ሥራቸው የሚከበረው ግን ወረቀታቸው ሙሉ ሲሆን ነው።

«ድንጋጌ» ከ«ደንብ» ይመጣል የሚሉም አሉ። አይደለም። እሱ ከ«ደነገገ» ነው። በአዋጅ፣ በደንብም ሆነ በመመሪያ ውስጥ የተቀመጠው የግዴታ ቃል ድንጋጌ ይባላል።

ወደ እድርዎ ልምጣ። የእድሩ ደንብ ሙሉ ስሙ «መተዳደሪያ ደንብ» ነው። ይህ መንግሥት ያወጣው ሕግ አይደለም፤ አባላቱ ተሰብስበው የተስማሙበት ነው። ታዲያ ምን አስገደደኝ ይሉ ይሆናል። ያስገደደዎ ስምምነትዎ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731 በሚገባ የተቋቋመ ውል ባቋቋሙት ሰዎች ላይ ሕግ ነው ይላል። እድር ሲገቡ ፈርመው ወይም ተቀብለው ገብተዋል፤ ስለዚህ በእርስዎና በአባላቱ መካከል ሕግ ሆኗል። ከግድግዳው ውጭ ግን አይሄድም። አባል ያልሆነን ሰው ሊቀጣ አይችልም። ከሀገር ሕግ ጋር ከተቃረነም ይወድቃል። የቀጡት ሰው ጉዳይ እንግዲህ በአንድ ጥያቄ ይለያል፦ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ይህ ቅጣት ተጽፏል ወይስ ሰብሳቢው ያሰበው ነው? ካልተጻፈ ጠቅላላ ጉባኤው ይወስን። ከተጻፈ ግን መክፈሉ ይሻላል። የእድር ደንብ የሚረዳው በሐዘን ቀን ነውና ሁሉም ሲያከብረው ነው የሚቆመው።

አሁን ማመልከቻው። ለከተማው ሲጽፉ አራት ነገር ይጠይቁ፦ የመመሪያውን ስምና ቁጥር፣ ያወጣውን አካል፣ የተጣሰውን አንቀጽ፣ ቅጣቱ የተሰላበትን ቦታ። አንቀጽ ማለት በግዕዝ በር ማለት ነው። በሊቃውንቱ ጉባኤ ቤት የሚነበበው ፍትሐ ነገሥትም 51 አንቀጽ ብሎ ነው የተከፈለው፤ 22ቱ የመንፈሳዊ፣ የቀሩት የዓለማዊ ጉዳይ። የሚቀጣዎ ሰው በየትኛው በር እንደገባ ማወቅ መብትዎ ነው።

እንዲህ ቢጽፉት ይበቃል፦ «በቀን … በቁጥር … በተሰጠኝ ወረቀት በመመሪያው መሠረት ደንብ ተላልፈሻል ተብዬ ተቀጥቻለሁ። ወረቀቱ ላይ የመመሪያው ስም፣ ቁጥር፣ ያወጣው አካልና የተጣሰው አንቀጽ አልተገለጸም። ይህ ተገልጾልኝ የመመሪያው ቅጂ እንዲሰጠኝ፣ እስከዚያም ቅጣቱ እንዲቆይልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ሌላ ማብራሪያ አይጨምሩ። «ድሃ ነኝ፣ ልጆች አሉኝ» የሚለውን እዚህ አያስገቡት፤ እውነት ቢሆንም ጥያቄዎን ልመና ያስመስለዋል፣ ልመና ደግሞ «አዝናለሁ» ተብሎ ይዘጋል። የአንቀጽ ጥያቄ ግን መልስ ይፈልጋል።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርገው ይያዙ። ወረቀቱ ላይ የቅሬታ ቀን ከተጻፈ ያንን ቀን አያሳልፉት። መክፈል ግድ ከሆነብዎ ሕጋዊ ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይክፈሉ፤ መክፈልዎ ቅሬታዎን ይዘጋው እንደሆነም አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ግን ዕቃዎን ወደ ውስጥ ያስገቡት። ወረቀቱ ቢጎድልም ክልከላው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛ ወረቀት ከመጣ የመጀመሪያው ክርክርዎ ይዳከማል።